ስታር ፊልም፤ የሞንትረዩ የመስተዋት ቤት

ከፓሪስ ከተማ በስተ ምሥራቅ ዳር በምትገኘው በሞንትረይ፣ የሜልየስ ቤተ ሰብ ርስት በሆነ የአትክልት ቦታ መካከል፣ በ1897 ዓ.ም. ጣራውም ግድግዳውም መስተዋት የሆነ አንድ አዳራሽ ተሠርቶ ተፈጸመ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ርዝመቱ 17 ሜትር ያህል የነበረውን ይህን አዳራሽ ከሩቅ የሚያየው መንገደኛ አበባና አትክልት ከብርድ የሚጠበቁበት ቤት ነው ብሎ ያልፍ እንደ ሆነ እንጂ፣ በውስጡ ጨረቃ እንደ ሰው ፊቷን ስታጨማድድ፣ ራስ ከአንገት ተለይቶ ሲዘምር፣ ከጨርቅ የተሠራ ባሕር ሲናወጥ የሚዋልበት የጥበብ ማኅደር መሆኑን ሊገምት አይችልም ነበር። የጥቁር ኮከብ ምልክት ይዞ በዓለም ገበያ የታወቀው የስታር ፊልም ማደሪያ ይህ ቤት ነበረ፤ ባለ ንብረቱም፣ ደራሲውም፣ ሠዓሊውም፣ አዘጋጁም፣ ብዙ ጊዜም ዋናው ተዋናይ ዦርዥ ሜልየስ የተባለ አንድ ሰው ነበረ።

የዚህ ድርጅት ዕድሜ ከ1896 እስከ 1913 ድረስ ነው። በዚህ አጭር ዘመን ውስጥ ወደ 520 የሚጠጉ ፊልሞች ሠርቶ፣ ሲኒማን ለአፍታ ከሚያስደንቅ መሣሪያነት አንሥቶ ልብ ወለድ ወደሚነገርበት ጥበብ ካሸጋገሩት ሁሉ ቀዳሚ ከሆነ በኋላ፣ ባለቤቱ ባለ ዕዳ፣ ቤቱም ለሌላ አገልግሎት የሚውል አዳራሽ ሆኖ ቀረ። ስለ ውድቀቱ የሚናገሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ሥራውን የሰረቁትን አሜሪካውያን፣ አንዳንዶቹም የ1914ቱን ጦርነት ይወቅሳሉ፤ እኔ ግን ነገሩን በመረመርሁ መጠን ዋናው ምክንያት የንግዱ ሥርዓት መለወጥ፣ ሜልየስም ከዚህ ለውጥ ጋር አብሮ ለመለወጥ ባሕርዩ ያልፈቀደለት መሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህም እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት አስቀድሞ ሰውየውንና የሥራውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሜልየስ በዲሴምበር 8 ቀን 1861 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ በጫማ ሥራ የበለጸገ ሰው ስለ ነበረ ልጁም በዚያው ንግድ እንዲተካው ይሻ ነበር፤ ወጣቱ ግን በ1884 ወደ ለንደን በተላከ ጊዜ፣ በመስተዋት፣ በተሰወረ በርና በእጅ ፍጥነት ዓይንን የሚያታልለውን የመድረክ ምትሐት በማስከላይን ትርኢት ቤት አይቶ ልቡ በዚያው ተማርኮ ቀረ። ስለዚህ በ1888 ከፋብሪካው የደረሰውን ድርሻ ለወንድሞቹ ሸጦ፣ በገንዘቡ ሮቤር ኡዳን የተባለውን የፓሪስ የምትሐት ትያትር ቤት ገዛ። በዲሴምበር 28 ቀን 1895 የሉሚዬር ወንድማማቾች የሚንቀሳቀሰውን ሥዕል በግራን ካፌ ለሕዝብ ባሳዩ ጊዜ ከተጋበዙት እንግዶች አንዱ እርሱ ነበረና፣ ትርኢቱ እንደ ተፈጸመ መሣሪያውን በ10,000 ፍራንክ ልግዛው ብሎ ጠየቀ። አባትየው ሉሚዬር ግን እንቢ አለው። እንዲህ ያለውን እንቢታ ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው አልነበረምና ወደ ለንደን ተሻግሮ ከመሐንዲሱ ከሮበርት ፖል አንድ የፊልም ማሳያ ገዛ፤ ከዚያም ከባለሞያዎች ጋር ሆኖ አሠራሩን አጥንቶ ፊልም ማንሻ አደረገው፤ በአፕሪል 1896ም በገዛ ትያትር ቤቱ ፊልም ማሳየት ጀመረ።

እርሱ ራሱ ኋላ እንደ ተረከው፣ አንድ ቀን በኦፔራ አደባባይ ፊልም ሲያነሣ መሣሪያው ለአፍታ ተይዞ ቆመ፤ ፊልሙ ተላቆ እንደ ገና መሽከርከር እስኪጀምር ድረስም በአደባባዩ የነበረው ሁሉ ቦታውን ለውጦ ነበርና፣ በመጋረጃው ላይ በታየ ጊዜ ሕዝብ የጫነው ሠረገላ በድንገት አስከሬን ወደሚሸከም ሠረገላ፣ ወንዶቹም ወደ ሴቶች ተለውጠው ታዩ። ይህን ዘዴ የኤዲሰን ሠራተኞች በ1895 በአሜሪካ አንድ ጊዜ ሠርተውበት ስለ ነበረ ሜልየስ የመጀመሪያው ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የተሠራውን ዘዴ ወስዶ ሙሉ የጥበብ ሰዋስው ያደረገው እርሱ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በዚያው በ1896 ዣን ዳልሲ የተባለችውን ተዋናይት ከተቀመጠችበት ወንበር ላይ ሰወራት፤ ለዚህም እንደ ትያትር መድረክ የወለል ቀዳዳ አላስፈለገውም፤ ካሜራው ቆመ፣ ተዋናይቱ ሄደች፣ ካሜራው ቀጠለ፤ በመጨረሻም ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙበት ቦታ እንዳይታወቅ ፊልሙ በመቀስ እየተቈረጠ በጥንቃቄ ተጣበቀ።

ከዚህ የሚከብደው አንዱን ፊልም ደጋግሞ ለብርሃን ማጋለጥ ነው። በ1900 በሠራው በአንዱ ፊልም ሜልየስ ራሱ ሰባት ሰው ሆኖ ሰባት የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወት ይታያል፤ ይህም ሊሆን የቻለው ፊልሙ በካሜራው ውስጥ እየተመለሰ፣ ከጥቁር መጋረጃ ፊት ሰባት ጊዜ በላዩ ላይ እየተነሣበት፣ ተዋናዩም በየጊዜው የት እንደ ቆመና መቼ እንደ ተንቀሳቀሰ በቊጥር እያስታወሰ ነው። በሰባተኛው ጊዜ አንድ እርምጃ ቢሳሳት የስድስቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ዛሬ ይህን የመሰለውን ሥራ መሣሪያ በቀላሉ ሲፈጽመው የምናይ ሰዎች፣ ያን ጊዜ ሁሉም በሰው ትዝታና ትዕግሥት ላይ የቆመ እንደ ነበረ ማሰብ ይገባናል።

የመስተዋቱ ቤትም የተሠራው ለዚህ ሥራ ተብሎ ነው። የሮቤር ኡዳን መድረክ ልክ የተመዘነበት መድረክ ከነስውር በሮቹና ከነመዘውሮቹ በአንድ ወገን ሲቆም፣ ካሜራው በሌላው ወገን እንደ ተመልካች ዓይን ከቦታው ሳይነቃነቅ ይቆም ነበር። ብርሃኑ የፀሐይ ስለ ሆነ ሥራ የሚሠራው በእኩለ ቀን አቅራቢያ ባሉት ሰዓቶች ነው፤ ደመና ቢመጣ ተዋንያኑ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ይጠብቃሉ። የዚያን ዘመን ፊልም ቀዩን ጥቁር፣ ሰማያዊውን ነጭ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ከተዋንያኑ በስተ ኋላ የሚዘረጋው ጨርቅ፣ ዕቃውና ልብሱ ሳይቀር በግራጫ ቀለም ብቻ፣ ከነጭ እስከ ጥቁር ባለው ደረጃ ይቀባ ነበር። ሜልየስ ጧት በሞንትረይ ሥዕሉን ሲቀባና አናጢዎቹን ሲያዝ ይውላል፤ ማታ ልብሱን ለውጦ ወደ ፓሪስ ትያትር ቤቱ ይሄዳል፤ ትርኢቱ ሲታይም የነገውን ፊልም በወረቀት ይነድፋል። ለተዋንያኑ ተወዳዳሪዎቹ ከሚከፍሉት የበለጠ፣ በቀን አንድ የወርቅ ሉዊ ይከፍል ነበር፤ ምሳም አብረውት ይበሉ ነበር። በዚህ ቤት ሠራተኛና ጌታ የሚለያዩበት ግድግዳ ቀጭን ነበረ።

የቀለም ነገር የሌሎች እጅ ሥራ ነው። ባለ ቀለም ቅጂ ለሚፈልግ ገዢ ፊልሙ ወደ ማዳም ቱዪልዬ የሥራ ቤት ይላክና፣ በዚያ የተሰበሰቡ ብዙ ሴቶች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቀለም ይዘው፣ ከጥፍር ብዙም በማይሰፋው ሥዕል ላይ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ይቀቡት ነበር። ስማቸው በፊልሙ ላይ አልተጻፈም፤ ይሁን እንጂ የስታር ፊልም ውበት የእነርሱም ነውና እዚህ ሳናነሣቸው ብናልፍ በደል ይሆንብን ነበር።

ሜልየስ የምትሐትና የተረት ሰው ብቻ ነበረ ብለው የሚያስቡ ይሳሳታሉ። በ1899፣ ፈረንሳይ በካፒቴን ድሬፉስ ጉዳይ ለሁለት ተከፍላ ስትናወጥ፣ ያለ ጥፋቱ የተፈረደበትን የዚህን መኰንን መከራ በ11 ክፍል ፊልም አድርጎ በማቅረብ ኅሊናው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ አሳየ። በ1902 ደግሞ የእንግሊዙን ንጉሥ የኤድዋርድ 7ኛን የዘውድ በዓል፣ በዓሉ ከመፈጸሙ በፊት በሞንትረይ የአትክልት ቦታ በተዋንያን አዘጋጀ።

ያው ዓመት 1902 የስታር ፊልም የክብር ዘመን መደምደሚያ ነው። «ወደ ጨረቃ ጉዞ» የተባለው ፊልም 260 ሜትር ርዝመት፣ 30 ትእይንት ያህል ሲኖረው፣ 10,000 ፍራንክ ፈጀ፤ ሉሚዬርን የለመነበት ገንዘብም ይህንኑ ያህል ነበር። የፎሊ ቤርዤር አክሮባቶች የጨረቃ ነዋሪዎች፣ የሻትሌ ትያትር የባሌት ልጃገረዶችም ኮከቦች ሆነው ተጫወቱበት፤ ሊቃውንቱን የሚመራውን ፕሮፌሰር ሜልየስ ራሱ ሆነ። ከመድፍ የተተኰሰው ጥይት በጨረቃዋ ዓይን ውስጥ ሲተከል የሚያሳየው ሥዕል እስከ ዛሬ ድረስ ሲኒማ ሲነሣ በብዙ ሰው አሳብ ላይ ከሚመጡት አንዱ ነው። ጥቁርና ነጩ ቅጂ 560፣ ባለ ቀለሙ 1,000 ፍራንክ ስለ ነበረ፣ በየገበያውና በየበዓሉ ድንኳን ተክለው ፊልም የሚያሳዩት ነጋዴዎች በመጀመሪያ በዋጋው ደነገጡ፤ ሜልየስም ለአንዱ ያለ ዋጋ ሰጥቶ የሕዝቡን ደስታ ካሳያቸው በኋላ እየተሻሙ ገዙት ይባላል።

ገዢዎች ብቻ ሳይሆኑ ሌቦችም ተሻሙት። የኤዲሰን፣ የሉቢንና የሴሊግ ድርጅቶች ፊልሙን እያባዙ በአሜሪካ ሲሸጡ፣ ለሠራተኛው ከዚያ ሰፊ ገበያ ሊደርሰው ከሚገባው ጥቅም ብዙውን የወሰዱት እነርሱ ሆኑ። ሜልየስ ይህን ለመከላከል ታላቅ ወንድሙን ጋስቶንን ወደ ኒው ዮርክ ልኮ በ1903 ቅርንጫፍ አስከፈተ፤ ከዚያም ወዲህ ሁለት ካሜራዎችን ጎን ለጎን እያቆመ አንዱን ኔጋቲቭ፣ ማለት ቅጂዎች የሚታተሙበትን ዋና ፊልም፣ ለፓሪስ፣ ሁለተኛውን ለአሜሪካ ያነሣ ጀመር። የአሜሪካ ሕግ የፊልምን የባለቤትነት መብት ገና ለይቶ ስለማያውቅ፣ ፊልሙ በወረቀት ላይ እንደ ፎቶግራፍ ታትሞ በዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይመዘገብ ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለት ሁለተኛውን ኔጋቲቭና የወረቀቱን ቅጂ፣ አንባቢ በልቡ ያኑራቸው፤ ኋላ እንመለስባቸዋለንና።

አሁን ወደ ንግዱ ሥርዓት እንግባ። በመጀመሪያው ዘመን ፊልም የሚሸጠው ልክ እንደ ጣቃ ጨርቅ በሜትር እየተለካ ነበር፤ ገዢው ዋጋውን ከፍሎ የወሰደው ቅጂ የራሱ ንብረት ነውና እስኪበጣጠስ ድረስ ከገበያ ወደ ገበያ ይዞት ይዞር ነበር። ለስታር ፊልም የተመቸው ይህ ሥርዓት ነው፤ ጥቂት ፊልም፣ ነገር ግን እያንዳንዱ በብዙ ድካም የተሠራ፣ በውድ ዋጋ የሚሸጥ፣ ሳያረጅ ለዓመታት የሚታይ። ከ1905 ገደማ ጀምሮ ግን ቋሚ የሲኒማ ቤቶች በየከተማው ሲከፈቱ፣ ያው ተመልካች በየሳምንቱ ወደ ያው ቤት ይመጣ ጀመርና በየሳምንቱ አዲስ ፊልም ይሻ ነበር። ይህን የሚያጠግበው እንደ ፓቴ ያለ፣ ብዙ አዘጋጆችን በደመወዝ ቀጥሮ፣ ከጥሬ ፊልም ጀምሮ እስከ ሲኒማ ቤት ድረስ ያለውን ሁሉ በእጁ የያዘ ፋብሪካ ነው። ሜልየስ ግን ፊልሙን ሌላ ሰው ይሥራልኝ ለማለት ልቡ አይፈቅድለትም ነበር፤ ሥዕሉን ያልቀባው፣ ድርሰቱን ያልጻፈው ፊልም የእርሱ መስሎ አይታየውም።

በ1908 መጨረሻ ኤዲሰን ዋና ዋናዎቹን የፊልም ድርጅቶች በአንድ ማኅበር አስተሳስሮ የአሜሪካን ገበያ በቁጥጥሩ ሥር ሲያደርግ ስታር ፊልም አባል ሆኖ ገባ፤ ነገር ግን በየሳምንቱ 1,000 ጫማ፣ ማለት 300 ሜትር ያህል ፊልም ማቅረብ ግዴታው ሆነ። የጨረቃው ፊልም 260 ሜትሩ ወራት እንደ ፈጀ ላስታወሰ ሰው፣ ይህ ግዴታ ለአንድ ሰው እጅ ምን እንደ ሆነ መግለጽ አያስፈልገውም። በፌብሩዋሪ 1909 ደግሞ የአውሮፓ ፊልም ሠሪዎች በፓሪስ ጉባኤ አደረጉ፤ በሊቀ መንበርነት የመራቸውም በሁሉ ዘንድ የተከበረው ሜልየስ ነበረ። ጉባኤው ፊልም ከእንግዲህ ወዲያ እንዳይሸጥ፣ በኪራይ ተሰጥቶ ከአራት ወር በኋላ ለሠሪው እንዲመለስ ወሰነ። ለትልልቆቹ ይህ ጥቅም ነው፤ ድንኳን እየተከሉ ለሚዞሩት የሜልየስ ደንበኞች ግን የሥራቸው ፍጻሜ ነበረ፤ ደንበኞቹ ሲጠፉም ስታር ፊልም ከእነርሱ ጋር ወደ ጥፋቱ ጉዞ ጀመረ። የውድቀቱን ቀን አንድ ብለን መለየት ካለብን፣ እርሱ ራሱ በመንበሩ ተቀምጦ ውሳኔው ሲነበብ የሰማበት ያ ቀን ነው እላለሁ።

ጋስቶን በበኩሉ የሳምንቱን ግዴታ ለመሙላት በ1910 በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ አጠገብ፣ ቀጥሎም በካሊፎርንያ የከብት ጠባቂዎችን ፊልም በራሱ መሥራት ያዘ፤ በ1912ም ባልደረቦቹን ይዞ ወደ ታሂቲ፣ ወደ ኒው ዚላንድና እስከ ጃፓን ድረስ ተጓዘ። ወደ ኒው ዮርክ ከሚልከው ፊልም ብዙው ተበላሽቶ ስለ ደረሰ ኪሳራው በዛ፤ የአሜሪካው ቅርንጫፍም ተሸጠ። በዚህ የተነሣ የተቃቃሩት ወንድማማቾች ጋስቶን በ1915 ሲሞት ሳይታረቁ ተለያዩ።

በፓሪስ ገንዘብ ያጠረው ዦርዥ በ1910 መጨረሻ ከፓቴ ድርጅት መሪ ከሻርል ፓቴ ጋር ተዋዋለ። ፓቴ ለፊልሞቹ ማሠሪያ ገንዘብ ይሰጣል፤ ሥራውንም እርሱ ያከፋፍላል፣ እንዳሻው የማሳጠር መብትም አለው፤ ለብድሩ መያዣ የሆኑት ግን የሜልየስ መኖሪያ ቤትና የሞንትረዩ ስቱዲዮ ነበሩ። በዚህ ውል ከተሠሩት ዋናው በ1912 የወጣው የሰሜን ዋልታ ጉዞ ነው፤ በውስጡም ብዙ ሠራተኞች በገመድና በመዘውር የሚያንቀሳቅሱት፣ ሰው የሚውጥ የበረዶ ግዙፍ ፍጥረት አለ። ፊልሙን የሚያይ ሰው በእጅ ሥራው መደነቁ አይቀርም፤ ግን ደግሞ በ1912 የተሠራው ከ1902ቱ ጋር አሠራሩ አንድ መሆኑን፣ ካሜራው አሁንም እንደ ትያትር ተመልካች ከቦታው አለመነሣቱን ያስተውላል። በእነዚያ ዓመታት ሌሎች ካሜራውን ወደ ተዋናዩ ፊት ማቅረብን፣ ታሪክን በተለያየ ቦታ እያፈራረቁ መተረክን ተምረው ነበር። እወደዋለሁና ይህን መጻፍ ያሳዝነኛል፤ ሆኖም ተመልካች ያልተከተለው በከንቱ አይደለም። የፓቴ ሰዎች ከመጨረሻዎቹ ፊልሞች ብዙውን ክፍል ቈርጠው አወጡ፤ ፊልሞቹም ገንዘብ አላመጡም፤ በ1913 ሥራው ሁሉ ቆመ፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ሚስቱም ሞተችበት።

የ1914 ጦርነት ሲነሣ በዕዳ ላይ የተሰጠው የጊዜ እፎይታ ፓቴን ንብረቱን ከመውሰድ ለጥቂት ጊዜ ከለከለው። ይሁን እንጂ የፈረንሳይ ጦር ሠራዊት በ1917 ታላቁን ስቱዲዮ የቁስለኞች ሆስፒታል አደረገው፤ ከ400 በላይ የሆኑ የስታር ፊልም ቅጂዎችም ተወስደው ብራቸውና ሴሉሎይዳቸው እንዲወጣ ቀለጡ፤ ከሴሉሎይዱም ለወታደር ጫማ ተረከዝ ተሠራበት። በ1923 ሞንትረይ ለዕዳው ተለቀቀ፤ የሮቤር ኡዳን ትያትር ቤትም የኦስማን ጎዳና እንዲቀጥል ሲባል ፈረሰ። ሜልየስ ኔጋቲቮቹን የሚያኖርበት ቦታ፣ የሚያሻግርበትም ገንዘብ አልነበረውምና፣ በኀዘንና በቁጣ በአትክልቱ ቦታ አከማችቶ በገዛ እጁ አቃጠላቸው።

ከዚህ በኋላ፣ በ1896 በፊልሙ ላይ የሰወራትን ዣን ዳልሲን አግብቶ፣ በሞንፓርናስ የባቡር ጣቢያ የሕፃናት መጫወቻና ከረሜላ የሚሸጥ ሱቅ ይዞ ተቀመጠ። ሊዮን ድሩኦ የተባለ ጋዜጠኛ በ1920ዎቹ መጨረሻ እዚያ አገኘው፤ በዲሴምበር 16 ቀን 1929ም በሳል ፕሌየል አዳራሽ የተገኙት ፊልሞቹ ለክብሩ ታዩ። በ1931 የሌዥዮን ዶኔር ኒሻን ተሰጠው፤ ያለበሰውም ሉዊ ሉሚዬር ነበረ። ከ1932 ጀምሮ የሲኒማ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር በኦርሊ ባዘጋጀው የጡረተኞች ቤት ኖሮ፣ በጃንዋሪ 21 ቀን 1938 ዐረፈ፤ መቃብሩም በፔር ላሼዝ ነው።

የሞንትረዩ እሳት ሁሉን ያላጠፋው ግን ቀደም ብለን ባነሣናቸው ምክንያቶች ነው። ወደ አሜሪካ የተላኩት ኔጋቲቮች ከፓሪስ እሳት ርቀው ስለ ነበሩ ብዙዎቹ ተረፉ፤ በዋሽንግተን ለሕግ ተብሎ የተመዘገበው ወረቀትም እንደ ገና ወደ ፊልም ተመልሶ ታየ። የጨረቃው ፊልም ባለ ቀለም ቅጂ ለዘላለም ጠፋ ተብሎ ሲታሰብ፣ በ1993 ወደ ባርሴሎና የፊልም ቤተ መዛግብት በገባ ስጦታ ውስጥ፣ ጥቅልሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ የደረቀ አንድ ቅጂ ተገኘ፤ ሊቃውንት ለዓመታት እያላቀቁና እየጠገኑ በ2011 በካን የፊልም በዓል አሳዩት። በእጅ የተቀባው ቀለምም ተመልሶ ታየ።

ከ520ዎቹ ፊልሞች ዛሬ የሚገኙት ከ200 ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። የቀሩት አንዳንዶቹ በአንድ ሰው የዕቃ ቤት፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል፤ ይህም ለስታር ፊልም ብቻ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ከአባቱ ወይም ከአያቱ የቆየ የፊልም ጥቅልል በቤቱ ያለው አንባቢ፣ አሮጌ ነው፣ ተበላሽቷል ብሎ እንዳይጥለው፣ በራሱም ማሳያ እንዳይሞክረው፣ ከእሳትና ከሙቀት አርቆ ወደ ቤተ መዛግብት ወስዶ እንዲያስመረምረው አደራ እላለሁ።